በኮቷ ኪስ የቀረው በትር

ኤድዊን ሃርግሪቭስ ሊፈታው የተነሣው ችግር ሲነገር ቀላል ነው። ሰባት ሰው፣ ሰባት ባቡር፣ አንድ ሀዲድ።

ሀዲዱ የተዘረጋው ዮርክሻየር ውስጥ ከቤቱ ጓሮ ነው። ስፋቱ አራት ጣት አይሞላም። በላዩ የሚሄዱት ትንንሽ ባቡሮች ግን የእውነት በእንፋሎት የሚሠሩ ናቸው። ውሃ ይሞላባቸዋል፣ እሳት ይለኮስባቸዋል፣ ሲያፏጩ የጎረቤት ድመት አጥር ዘልላ ትጠፋለች። ላይኛው ጣቢያ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነው። ታችኛው ከጓሮው ጥግ፣ ሚስቱ ሙሪየል ከተከለችው ሩባርብ ሥር ነው፤ ያ ቅጠሉ ጃንጥላ የሚያህል፣ ኮምጣጣ አገዳው በስኳር ተቀቅሎ የሚበላው ተክል። በየጣቢያው ባቡር ከባቡር የሚተላለፍበት ሁለት ሁለት ሀዲድ አለ። በመካከላቸው ያለው ሃያ ሁለት እርምጃ ግን ነጠላ ነው፤ ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ ዞሮ፣ በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ተከልሎ ያልፋል። ላይ ያለ ሰው ታች ያለውን አያይም።

ብቻውን ባቡር የሚነዳ ሰው ይጫወታል። ሰባት ሰው በአንድ የሰዓት ሠንጠረዥ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ጭነት ይዞ፣ የሌላውን መንገድ ሳይዘጋ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ግን ነገሩ የባቡር መሥሪያ ቤት ይሆናል። ኤድዊን የተመኘው ይህን ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አንድ የግንቦት ቅዳሜ ጓደኞቹን ጠራ። ገና ሻይ ሳይቀርብ ሁለት ባቡሮች ከቁጥቋጦው ጀርባ ፊት ለፊት ተላተሙ።

"ተራው የኔ ነበር" አለ ክሊፎርድ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው።

"ማን ሰጠህ?" አለችው ታችኛውን ጣቢያ የያዘችው ኖርማ። እሷ የቀድሞ አስተማሪ ናት።

"ብጣራ ዝም አላችሁ። ዝምታ ደግሞ ፈቃድ ነው።"

"አውቶቡሱንም እንዲህ ነበር የምትነዳው?"

"በሠላሳ ዓመት አንድ ሰው አልገጨሁም።"

"ሲያዩህ እየሸሹ ነዋ።"

ኤድዊን የቤት ማሞቂያ ቧንቧ ሠራተኛ ነበርና መፍትሔውን በሽቦ ፈለገው። ቀይና አረንጓዴ አምፖል ዘረጋ፤ ዝናብ ገባበት። የተሻለ አምፖል ዘረጋ፤ አይጥ ሽቦውን በላው። ሙሪየል ይህን ሁሉ በወጥ ቤቱ መስኮት ስታይ ከረመች። አባቷ የባቡር ምልክት ሠራተኛ ነበሩ። እሷም በእውነተኛው መስመር ላይ፣ በአንዲት ጠባብ የምልክት ቤት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። አንድ ጠዋት የተሰበረ የአካፋ እጀታ አነሣች፣ ስንዝር የሚያህል ቆረጠች፣ ሰማያዊ ቀባችና ከጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

"ይኼ በትር ነው" አለችው። "ያለው ይኼ አንዱ ነው። በትሩን የያዘ ወደ ነጠላው ሀዲድ ይገባል፣ ያልያዘ አይገባም። አለቀ።"

"አምፖሎቹስ?"

"ለገና ዛፍ አድርጋቸው።"

ኤድዊን ነገሩ እስኪገባው ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ከገባው በኋላ ግን ያገኘውን ሰው ሁሉ እያስቆመ ያስረዳ ነበር። በትሩ ላይኛው ጣቢያ ካለ፣ ከላይ የሚነሣው ባቡር ይዞት ይወርዳል፤ ታች ሲደርስ ለሚወጣው ያስረክባል። ያ ደግሞ ይዞት ይወጣል። የሚጠብቀው ባቡር መንገዱን ማየት አያስፈልገውም። ማንንም ማመን እንኳ አያስፈልገውም። አንድ እንጨት በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊሆን አይችልም፤ የጥበቡ ሥር ይኸው ነው።

ሙሪየል ሁለተኛም ሕግ ነበራት። ሁለተኛ በትር አይቆረጥም፣ ምንም ቢመጣ። አባቷ ይነግሯት የነበረውን እሷም ለሰባቱ ነገረቻቸው። በአንድ የገጠር መስመር በትር ጠፋና የጣቢያው ሰው ሰው እንዳይጉላላ ብሎ አምሳያውን አሠራ። የጠፋው በማግስቱ ከአንድ ነጂ ካፖርት ውስጥ ተገኘ። ነጂውም በትሬን ይዣለሁ ብሎ ወጣ፤ ከወዲያም ሌላው በትሬን ይዣለሁ ብሎ መጣ። ሁለቱም ሕግ አክብረው ሞቱ። "ሁለት በትር ካለ" ትል ነበር ሙሪየል፣ "በትር የለም ማለት ነው።"

በዚያ ስንዝር እንጨት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠሩ። በግንቦት ይጀምራሉ፣ በመስከረም ይዘጋሉ። በሥራ ቀን ሙሪየል አረንጓዴውን የሱፍ ኮቷን ለብሳ፣ ሠንጠረዡን ይዛ ከጣቢያ ጣቢያ ትመላለሳለች። ሲያበቃ በትሩን ተቀብላ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ትሰቅለዋለች።

ባለፈው መስከረም የመጨረሻው ባቡር ሊገባ ሲል ዶፍ ወረደ። ሁሉም ባቡሩን ሊሸፍን ሲሮጥ ሙሪየል በትሩን ተቀብላ ኪሷ ከተተችና ለክሊፎርድ ሸራ ልትይዝለት ሄደች። ከዚያ ሻይ መጣ፣ ሳቅ መጣ፣ ብርዳማው ክረምት መጣ። ክረምት ባቡር አይነዳም፤ ምስማሩን የሚያይ የለም።

ሙሪየል በየካቲት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ደረጃ እየወጣች ሳለ ልቧ ቆመ። የቀብር አስፈጻሚው መጥቶ ምን ለብሳ መቀበር እንደምትፈልግ ያውቁ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀው። ኤድዊን አላወቀም። በእንግዳ ፊት ልብስ ሳጥኗን መክፈት ከበደው። ዓይኑ ከበሩ ጀርባ ከተሰቀለው ኮት ላይ አረፈ።

"አረንጓዴውን" አለ። "ብርድ አትችልም።"

በሚያዝያ ለግንቦቱ ሥራ ሊዘጋጅ ወጣና ምስማሩን ባዶ አገኘው። መሣሪያ ቤቱን ፈተሸ። የአበባ ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠ። በሦስተኛው ቀን በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ ብርድ ስለተሰማው እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ከተተ። ያኔ የሙሪየል አረንጓዴ ኮት ትዝ አለው። ዝናቡን አስታወሰ።

ለክሊፎርድ ነገረው።

"ሌላ እንቆርጣለና" አለ ክሊፎርድ። "የአካፋ እጀታ ከገበያ ጠፋ እንዴ?"

"በትሩ አልጠፋም። የት እንዳለ አውቃለሁ።"

"የት?"

ኤድዊን ኮቱ ተሰቅሎበት ወደነበረው ከበሩ ጀርባ አየ። ክሊፎርድ ዓይኑን አይቶ ተረዳ። ተረድቶም አላስቻለውም።

"ወንድሜ፣ ሙሪየል እንደሁ ባቡር ይዛ አትመጣብን።"

ኤድዊን ተነሥቶ በሩን ከፈተለት። ክሊፎርድ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ኤድዊን ሞኝ አይደለም። የሚጋጭ ባቡር እንደሌለ ያውቃል። መጋዝ ደጋግሞ አንሥቷል። ግን የመጋዙን ጥርስ ከእንጨቱ ላይ ባሳረፈ ቁጥር አንድ ነገር ይታየዋል። በትሩ ወጥቶ ካልተመለሰ መስመሩ የሚሆነው በትሩን ለያዘው ሰው ነው፤ አሁን ሙሪየል ይዛዋለች። ሌላ መቁረጥ፣ የያዝሽው ተራ እንጨት ነው ብሎ ለእሷ መንገር መሰለው። መጋዙን መልሶ ሰቀለ።

የግንቦቱ ቅዳሜ ያለ ሥራ አለፈ። በሳምንቱ ኖርማ ደወለች።

"ልቆጣህ አይደለም የደወልኩት" አለችው። "ግን ታናሻችን ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። በኛ ዕድሜ አንድ ዓመት የተተወ ነገር እንደተተወ ይቀራል። ሁለቱ ባቡራቸውን ለመስጠት ሰው እየፈለጉ ነው።"

"ገባኝ።"

"ገባኝ አትበለኝ። ያንተ ገባኝ መቼ እሺ ሆኖ ያውቃል።"

ስልኩን ዘጋና በመስኮቱ ወደ ሀዲዱ አየ። ሣር እየዋጠው ነበር። ሙሪየል የሠራችው ሀዲዱን አይደለም፤ ሀዲዱ የእሱ ሥራ ነው። የእሷ ሥራ ሰባቱ ሰዎች ነበሩ፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ አብረው መሥራታቸው። ያ አሁን እየፈረሰ ነው፤ የሚያፈርሰውም እሱው፣ ሕጓን በማክበር።

በሰኔ መጀመሪያ ክሊፎርድ ሳያንኳኳ ገባ። በብብቱ የቆሸሸ መጽሐፍ ይዟል።

"ይኼን ታውቀዋለህ?"

"የሙሪየል የደንብ መጽሐፍ ነው። ላንተ ነው የሰጠችህ።"

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት የምግብ ጠረጴዛዬን እግር ደግፎ ቆሟል። አሁን ሾርባ ወደኔ እየፈሰሰ ነው።" ተቀመጠ። "ላሸንፍህ ብዬ አነበብኩት። ሌላ በትር ይቆረጥ የሚል መስመር አግኝቼ ፊትህ ላይ ልለጥፈው።"

"እሺ?"

"የለም። ከዳር እስከ ዳር የለም። ትክክል ነበርክ፤ ሁለተኛ ጊዜ አልደግመውም።" ገጹን ገለጠ። "ግን በትር ቢጠፋ ምን ይደረጋል የሚል አለ። ሰው ይደረግ ይላል።"

"ምን ሰው?"

"አንድ ሰው ይሾማል። ስሙ በወረቀት ይጻፋል፣ ሁለቱ ጣቢያዎች ይፈርማሉ፣ ክንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ያለ እሱ ቃል ምንም ባቡር ወደ ነጠላው አይገባም። አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይሆንም፣ ስለዚህ ሰውየው በትሩ ነው። ጠፍቶ የቀረው ደግሞ አይሻርም። እስኪመለስ ድረስ ነው የሚለው።"

ኤድዊን መጽሐፉን ወስዶ ራሱ አነበበው፤ ከዚያ ደገመው። እስኪመለስ ድረስ የሚለው ላይ ጣቱ ቆየ።

"ማን ይሁን?" አለ በመጨረሻ።

"ማንን ይመስልሃል?" ክሊፎርድ ከኪሱ ቀይ ነገር አወጣ።

"ይኼ የገና ካልሲ ነው።"

"ደንቡ ቀይ ነው ያለው። ሐር አላለም።"

በሰኔ ሦስተኛው ቅዳሜ ሰባት የነበሩት ስድስት ሆነው ተሰበሰቡ፤ አንዱ ባቡሩን ሰጥቶ ነበር። ክሊፎርድ ለላይኛው ጣቢያ ፈረመ፣ ኖርማ ለታችኛው። ኤድዊን ካልሲውን ክንዱ ላይ አስሮ ከመጀመሪያው ባቡር ጎን መራመድ ጀመረ። ባቡሩ ከሰው እርምጃ ይዘገያል፤ ለኤድዊን የታመመ ጉልበት ግን ልክ ነው።

ከመሣሪያ ቤቱ ጀርባ ሲዞር ብቻውን ሆነ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ባቡር እዚህ ሲያልፍ አይቶ እንደማያውቅ ያኔ ተገለጠለት። ሁልጊዜ አንዱ ጣቢያ ላይ ነበር። አሥራ አራት እርምጃ ያህል እንደሄዱ ባቡሩ ተንገጫገጨና ከሀዲዱ ወጥቶ ቆመ።

ጎንበስ ብሎ አየ። በሀዲዱ ግራና ቀኝ ጦስኝ ተተክሏል፣ ረድፉን ጠብቆ፣ ከቁጥቋጦው ጫፍ እስከ ጫፍ። ዘንድሮ የሚቆርጠው አጥቶ ሀዲዱን አልብሶታል። ኤድዊን አልተከለውም። መኖሩንም አያውቅም ነበር። የታችኛው ግንድ ላይ በመቀስ የተቆረጠው ሁሉ፣ የአሥራ ዘጠኝ በጋ ቁርጥ፣ ጠባሳ ሆኖ ተደራርቧል። እሱ በየዓመቱ ለእንግዳ ሁሉ፣ ያ ክፍል በጥሩ ስለተሠራ ጥገና አይጠይቅም እያለ ይኩራራ ነበር። እሷ እየሰማች ሻይ ትቀዳ ነበር።

ተንበረከከና በቢላዋ መቁረጥ ጀመረ። የጦስኙ ሽታ ከትኩስ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ፊቱን መታው። ቆርጦ ሲጨርስ ባቡሩን መልሶ አቆመው። ራሱን ግን ማቆም አቃተው፤ ጉልበቱ እንቢ አለ።

ላይና ታች ሁሉም ቆመው ይጠብቃሉ። በትሩ ያለው ከቁጥቋጦው ጀርባ ነውና ማንም ባቡር ሊገባ አይችልም።

"ኤድዊን" የክሊፎርድ ድምፅ ነው። "ሞትክ እንዴ?"

"ጉልበቴ ነው።"

"ልግባ?"

"ባቡር ይዘህ እንዳትገባ።"

"ደንቡን አንብቤዋለሁ ስልህ። ስለ እግረኛ ምንም አይልም።"

መጣ። መሬቱን አየ፣ የተቆረጠውን ጦስኝ አየ፣ የጓደኛውን ፊት አየ። ከዚያ በብብቱ ይዞ አነሣው። ኤድዊን አንድ ቅርንጫፍ ኪሱ ከተተ፤ ባቡሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ተደጋግፈው ከጎኑ ሄዱ።

በዚያ ቀን በሠንጠረዡ ከነበሩት አሥራ አራት የባቡር ጉዞዎች አምስቱ ብቻ ተካሄዱ። ጉልበቱን ያየው ሐኪም በኋላ "ለመሆኑ እንዲህ የሚያመላልስዎ ምንድን ነው?" ብሎ ጠየቀው፤ ኤድዊን በዝርዝር አስረዳው፤ ሐኪሙ በትዕግሥት አዳምጦ፣ በቀን ከስድስት ጊዜ በላይ እንዳይመላለስ አዘዘው።

እንግዲህ አሁን የያዘው ይህንን ነው። ደንቡ መውጫ አለው። ባለ ቀይ ጨርቁ ከፊት ያሉትን ባቡሮች በቃሉ እየፈቀደ አንድ ባንድ ይልክና ከመጨረሻው ጋር ራሱ ይሄዳል። ስለዚህ ወራጆቹን ሰብስቦ ማውረድ፣ ወጪዎቹን ሰብስቦ ማውጣት ይቻላል። በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሙሪየልን የዘር ፓኬቶች ደርድሮ ይሞክራል፤ ባቄላው የጠዋቱ የመንገደኛ ባቡር ነው፣ ቀይ ሥሩ የድንጋይ ጫኙ። በሠንጠረዡ በቀን ሰባት ጉዞ ይወርዳል፣ ሰባት ይወጣል። ሁለት ሁለቱን ቢልክ እሱ ስምንት ጊዜ ይራመዳል፤ ሐኪሙ ከፈቀደው በሁለት ይበልጣል። ሦስት ሦስቱን ቢልክ ስድስት፣ ልክ እንደታዘዘው። ላይኛው ጣቢያ ሦስተኛ ሀዲድ ለመጨመር ቦታ አለው፤ ታችኛው ግን ሀዲዱ ሁለት ነው፤ ሦስተኛው ባቡር የሚቆምበት የለውም። እዚያ ሦስተኛ ሀዲድ የሚገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሙሪየል ሩባርብ ያለበት ነው።

ክሊፎርድ ንቀለው አላለም። አካፋም አላመጣም። የመጣው ሀዲዱ ሩባርቡን ሳይነካ ዞሮ የሚያልፍበትን ለመለካት ገመድና ችካል ይዞ ነው።

ባቡሮቹ ጠበብ ያለ ቅስት አይዞሩም፤ በሩባርቡና በጓሮው የድንጋይ ግድግዳ መካከል ያለው ደግሞ ሦስት ስንዝር ነው። ለመስከረሙ ሥራ አምስት ሳምንት ቀርቷል። ኤድዊን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ትልልቆቹን ቅጠሎች ሰብስቦ በሲባጎ ወደ ኋላ አስሯቸዋል፤ አራተኛውን ችካል ለሦስተኛ ጊዜ ነቅሎ፣ ሁለት ጣት ወደ ግድግዳው አስጠግቶ፣ ቅስቱን እንደገና እየለካ ነው።