ያላነሳሳኋቸው ሴት

ጅማ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፖሊሶች የወሰዱኝ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊደወል ሲል ነው። እጄ ላይ ጠመኔ ነበር። ያስገቡኝ የእስር ክፍል ጠባብ ነው፤ ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ፣ ሽታው ሽንትና በረኪና። ጥግ ላይ እናቴን የሚያክሉ ሴት ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል። ወዲያው አወቅኋቸው።

«ቲቸር፣ አንቺንም አመጡሽ?» አሉና ነጠላውን ለሁለት እንዲበቃ ዘረጉት።

የሰኮሩ ሰው ናቸው። ጅማ መጋዘን ውስጥ ወደ ውጭ የሚላክ ቡና ይለቅማሉ፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው ጥቁሩንና የተሰባበረውን ፍሬ ያወጣሉ። ክፍያው አነሰን፣ አቧራው ደረታችንን ጨረሰው የሚለውን የሴቶቹን ማመልከቻ እንድጽፍ ቤቴ ድረስ የመጡት እሳቸው ነበሩ። ጻፍኩ። መልስ ሲጠፋ ሴቶቹ አንድ ቀን ጠዋት ሥራ አቆሙ። ነገሩ ፖለቲካ ሆነና ሁለታችንም «ሕዝብ በማነሳሳት» ተያዝን።

በማግስቱ ከሰዓት፣ ሳላቸው ጋብ ሲልላቸው፣ «ውጭ አገር ሄደሽ ነበር አሉ። ቡናችንን እዚያ አየሽው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ጠጥቼዋለሁ።»

«ጠጪዎቹ ስለኛ ይጠይቃሉ?»

መዋሸት ይቀለኝ ነበር። ለሥልጠና ሄጄ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት አንድ ጠዋት ሲኒዋን እንደያዘች «ይህን የሚሠሩት ሰዎች እንዴት ይኖራሉ?» ብላኝ ነበር። እውነቱን መናገር አገሬን ማሳጣት መሰለኝና «ደህና ናቸው» አልኳት። ይህንኑ ነገርኳቸው።

ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ምን አጥፍተን ነው የደበቅሽን?» አሉ።



በሦስተኛው ቀን መርማሪው ሁለታችንንም አስጠራን። ለእኔ፣ ዳግም እንዲህ ያለ ጉዳይ ውስጥ አልገባም የሚል ወረቀት ሰጠኝ። ለእሳቸው ደግሞ «አስተማሪዋ አሳስታኝ ነው» የሚል አነበበላቸው። አውራ ጣታቸውን ካሳረፉበት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ልጆቼ ትዝ አሉኝ። ፈረምኩ።

እሳቸው የቀለሙን ዕቃ ቀስ አድርገው ወደ መርማሪው መለሱለት። «ወላሂ፣ ማንም አላሳሳተኝም። የሚያመው የኔ ደረት ነው፤ ቃሉም የኔ ነው። እሷ የጻፈችው እኔ መጻፍ ስለማልችል ነው።»

እኔ ያን ቀን ወጣሁ። እሳቸው ሁለት ወር ቆዩ። ሲፈቱ መጋዘኑ መልሶ አልወሰዳቸውምና አገራቸው ሰኮሩ ገቡ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ዛሬ ነገ ስል ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ስሄድ ጎረቤታቸው በር ላይ ተቀበለችኝ። «ከቀበርናቸው ቆየ፤ ደረታቸው ነበር» አለችኝ።

አሁንም ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ሀብታምና ድሃ አገሮች ስንማር «ሩቅ ያለ ሰው ስለኛ ምን አገባው?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ያገባዋል እላለሁ። እሱ ንጹሕ ቡና እንዲጠጣ ነው እኚያ ሴት አቧራውን የዋጡት። ርኅራኄውን አይደለም የምለምነው፤ እንዲያውቅ ነው።

ይህን ግን እሳቸው በሕይወት ሳሉ፣ ለዚያች ሲኒ ለያዘችው ሴት መናገር ነበረብኝ።