የዘሀራ ባዶ ደብተር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም መሻሬን፣ ቁጣዬን፣ አንድ ጊዜ መስከሬን ዘርዝሬ እዚህች ላይ ስደርስ ዘልያታለሁ። አንተ አንባቢዬ ግን አታውቀኝም፤ ላንተ መናገር ይቀለኛል። የቀለለውን መምረጤ ራሱ ጥፋት ይሆን? ይሁን፤ ከአንድ ቦታ መጀመር አለብኝ።

ከአምስት ዓመት በፊት ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ መርሳ ተመደብኩ። ሃያ ዓመቴ ነበር። የስም መጥሪያዬን በሁለት ቀለም አሰምራለሁ፣ ጠመኔዎቼን በቁመታቸው እደረድራለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ዛሬም አልተወኝም። ያኔ ከሁሉ አብልጬ የማስረዳው ግን አንድ ነገር ነበር፤ በቃል መያዝ ትምህርት አይደለም የሚል። የቄስ ትምህርት ቤቱም ቁርአን ቤቱም ልጅን የገደል ማሚቶ ያደርጉታል እል ነበር። እኔው ራሴ ዳዊት ደግሜ ያደግሁ መሆኔን ለማንም አልናገርም ነበር።

ዘሀራን ሦስተኛ ክፍል ያስገባት አባቷ ሼህ እንድሪስ ነው። መርሳን አልፎ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያርሳል፤ የመንደሩንም ልጆች ቁርአን ያስቀራል።

«መምህር፣ ልጂቱ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው» አለኝ። «ከነዚህ ጩጬዎች ጋር ብዙ ዓመት አትቀመጥም። ክፍል ከዘለለች ትቀጥል። ካልዘለለች እናቷን ታግዝ። አደራዋን ለአንቱ ሰጥቻለሁ።»

በዚያን ጊዜ አንደኛ የወጣ ተማሪ ከሦስተኛ በቀጥታ አምስተኛ ይገባል፤ ልጆቹ «ደብል መታ» ይሉታል። ዘሀራ ደብል እንደምትመታ ክፍሉ ሁሉ ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

ሰኔ ላይ የጂኦግራፊ ፈተናዋን ሳርም እጄ ቆመ። ስለ ወንዞች ያጻፍኳቸውን ሁለት ገጽ ቃል በቃል አስፍራዋለች። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ እንደሚቀር ስናገር «ይህን አስምሩበት» ብዬ ነበር። እሷም «ይህን አስምሩበት» ብላ ጽፋ፣ ደግሞ አስምራበታለች። ይህ ከደብተር የተገለበጠ ካልሆነ ምንድን ነው? አልኩ። ሰው ይህን ሁሉ እንዴት በራሱ ውስጥ ይይዛል? አልኩ። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር፣ ከፊት፣ ብቻዋን ከአፍንጫዬ ሥር ተቀምጣ ነበር የተፈተነችው። ይህን ግን ለራሴ አላስታወስኩትም።

ደብተሯን አምጪ አልኳት። የጂኦግራፊው ገጾች ባዶ ነበሩ። በላጲስ ተፍቀው ሳስተዋል።

«የት ሄደ ጽሑፉ?»

«አጠፋሁት ጋሼ።»

«ለምን?»

«አወቅኩታ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ጅኒ ነው የሚያቀብላት!» አለ። እኔም ሳቅኩ። ማስረጃዋን ያጠፋች ሌባ ያዝኩ ብዬ ሳቅኩ፤ በቀይ ቀለምም ዜሮ ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። እኔ ጻፍኩት።

በማግስቱ ሼህ እንድሪስ መጣ። «እስቲ እዚሁ ይጠይቋት» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መጠየቅ እንዴት ቀላል ነበር! ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ተሳስቼ እገኛለሁ ብዬ ፈራሁ። «ፈተና አልቋል» አልኩት። ወደ ልጂቱ ዞረ። «መምህር ካሉ ብለዋል። አውፍ በሉኝ በያቸው።» እሷም ጎንበስ ብላ «አውፍ በሉኝ ጋሼ» አለችኝ።

እኔም ይቅር አልኳት።

ይህን ዓረፍተ ነገር ደግመህ አንብበው። እኔ፣ እሷን፣ ይቅር አልኳት።

ሐምሌ ላይ ዲሬክተሩ አዲስ የሚገቡ ልጆች እንድመዘግብ ወደ መንደሮቹ ላከኝ። ሼህ እንድሪስ ቤት ስደርስ ልጆች ሎሃቸውን ይዘው ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ተደርድረዋል። ሎህ ቁርአን ጽፈው የሚቀሩበት የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ መቅራት ጮክ ብሎ መወጣት ነው። አንዱ ልጅ ሎሁን ሊያጥብ ወደ ውሃው እጁን ሲሰድ «ገና አልቀራህም! አስቀምጥ አንተ ቀጣፊ!» ብለው ጓደኞቹ ጮሁበት። ዘሀራ ማሰሮውን ከፊቱ አነሳች። «መጀመሪያ ቅራልኝ» አለችው።

«ምን ማለት ነው?» ብዬ አባቷን ጠየቅሁ።

«ልቡ ላይ ከገባ በኋላ ሎሁ ላይ ምን ይሠራል? ያጥበውና ሌላ ይጽፍበታል። ለመምህሩ ጮክ ብሎ ሳይቀራ ግን ማጠብ የለም።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ደብተሯን እንደ ሎህ አጥባው ነበር። ዘሀራ ማሰሮውን እንደያዘች አየችኝ። እንድናገር ጠብቃ ይሆን? እርጎ አቀረቡልኝ፣ ጠጣሁ፣ ልጆቹን በሥርዓት መዝግቤ ሄድኩ። ዜሮውን የጻፍኩት ባለማወቅ ነበር እንበል፤ ዝም ያልኩት ግን እያወቅሁ ነው።

መስከረም ላይ አትመጣም ብዬ ነበር። ሼህ እንድሪስ እጇን ይዞ መጣ። «ቃሌን አጠፍኩት» አለኝ። «ጥፋቷን እዚሁ ታስተካክል ብዬ ነው፤ ወዴት ትሸሻለች?» አራተኛ ገባች።

ከዚያ ወዲህ አስተማሪነቴ ሌላ ሆነ። ልጆቼ መጀመሪያ ይይዛሉ፤ ወንዞቹን፣ ማባዣውን፣ የአገሩን ታሪክ። ከዚያ «ለምን?» እላቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ መልስ አያጡም። ምንም ያልያዘ ልጅ በምን ያስባል? ጠዋት በሩን ስከፍት ደስ ይለኛል፤ አልዋሽህም፣ ደስተኛ ሰው ነኝ። ወላጆች ያመሰግኑኛል። ከሁሉም አብልጦ የሚያመሰግነኝ ሼህ እንድሪስ ነው፤ «ልጄን ያቃኑልኝ አንቱ ነዎት» ይለኛል። ደስታዬን ከእሱ ቤት ወስጄ፣ ምስጋናውንም ከእሱ እቀበላለሁ።

ዘሀራ ዛሬ ወልድያ ስምንተኛ ክፍል ናት። ዘጠነኛ መሆን ነበረባት። ያን አንድ ዓመት የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ወጣት ነበርኩ፣ አዲስ ነበርኩ አልልም። ሁለት ደቂቃ ለመስጠት ዕድሜ አያስፈልግም።

ለፋሲካ ዕረፍት ወደ ቤቷ ትመጣለች። ያን ሰሞን ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ እወርድና ሼህ እንድሪስ ፊት፣ እሷም እየሰማች፣ ይህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። እስከዚያ ግን አንባቢዬ፣ አንተ ይቅር እንዳትለኝ። ገና አልቀራሁም።