የማስተር ሂርጳ ግራ እግር

ሂርጳ አዱኛ ወሰን ሰፈር ካለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት መኪና ጠግኗል። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በሌላ ሥራው ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ማለዳ የወጣት ማዕከሉን አዳራሽ ከፍቶ ካራቴ ያስተምራል። አባቱ እዚያው የካ ተራራ ሥር ገብስ ያርሱ ነበር፤ እርሻው ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ሂርጳ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነው። ቁጥሩን በኦሮምኛ ይቆጥራል፣ ቁጣውን በአማርኛ ያደርገዋል፤ ቁጣው ደግሞ ከ«አይ እናንተ» አልፎ አያውቅም።

አንድ የሚያቅተው ነገር ነበር፤ ማስረዳት። «እዩኝ» ይላል፣ ይሠራል፣ ተማሪዎቹም እሱን እያዩ ይሠራሉ። በዚህ መንገድ ሃያ ዓመት አስተምሯል።

የዛሬ ሦስት ዓመት የመኪና ካምቢዮ ሲያወርድ ክሪኩ ከድቶት ብረቱ ግራ እግሩ ላይ ወደቀ። ሐኪሞቹ አውራ ጣቱን ማትረፍ አልቻሉም። ለተማሪዎቹ ወለምታ ነው አላቸውና ሁለት ወር ጠፍቶ ተመለሰ። ከተመለሰ በኋላ፣ ካራቴ በባዶ እግር እንደሚሠራ እያወቀ፣ ካልሲውን ማውለቅ ተወ። ብርድ ነው ይላል። የእንጦጦ ነፋስ በአዳራሹ መስኮት እየገባ ስለሚቆነጥጥ ማንም አልጠረጠረውም።

ያስቸገረው ካታው ነበር። ካታ ማለት እርምጃው አንድ በአንድ ተወስኖ፣ ከማይታይ ባላጋራ ጋር ብቻ ለብቻ የሚደረግ ፍልሚያ ነው። ጀማሪ ቡጢውን ያያል፤ አዋቂ ግን የሚያየው እግሩን ነው። ፊት እግር ላይ የነበረው ክብደት ወደ ኋላ እግር ሲዛወር ራስ ከፍ ዝቅ ማለት የለበትም፤ እግርም መሬቱን ዳስሶ ያልፋል እንጂ አይነሣም። ሰውነት የሚዞረው ከጣቶቹ ሥር ባለው የእግር መዳፍ ላይ ነው። ሂርጳ በግራው ሲዞር የሚገፋበት አውራ ጣት ስለሌለው በተረከዙ መዞር ለመደ። መጀመሪያ አፍታ ቆም፣ ከዚያ ሸርተት። እየዋለ እያደረ እንዲህ ማድረጉን ራሱም ረሳው።

አምና ጥቅምት ላይ የቀበቶ ፈተና ደረሰ። ፈታኙ የማነ ነበር፤ በወጣትነቱ ከሂርጳ ጋር አብሮ የሠለጠነ፣ አሁን ሌላ ሰፈር የራሱ ማሠልጠኛ ያለው ሰው። ከአሥራ አራቱ ተፈታኞች መጀመሪያ የገባችው ለጥቁር ቀበቶ የቀረበችው ሀፊዛ ነበረች። ሀፊዛ መገናኛ የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች፤ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። ሂጃቧን ጠበቅ አድርጋ መሐል ቆመች፣ እጅ ነሣች፣ ካታዋን ጀመረች። በግራ እግሯ እስክትዞር ድረስ እንከን አልነበረውም። እዚያ ስትደርስ ቆም፣ ሸርተት አለች።

የማነ አንድ ነገር ጻፈ። ሁለተኛው ተፈታኝ ገባ፤ እሱም ቆም፣ ሸርተት። ሦስተኛውም እንደዚያው። የመጨረሻው ሲጨርስ የማነ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወደ ሂርጳ ጠጋ ብሎ በዝግታ ጠየቀው።

«ግራ እግርህን ምን ነካህ?»

ሂርጳ ፊቱ ጋለና ካልሲውን ወደ ላይ ሳበ። የማነ አላስጨነቀውም። ፈተናው ለሦስት ወር መራዘሙን ተናግሮ፣ ሁሉንም ጨብጦ ሄደ።

ቤቱ ሲገባ ለባለቤቱ ለሰርክአዲስ አሥራ አራት ጤነኛ ሰው አንካሳ እንዳደረገ ነገራት። ሰርክአዲስ ለመሳቅም ለማዘንም እየቃጣት አየችው። ጣት የሌለው ማስተር ብለው ጥለውኝ ይሄዳሉ ብሎ መፍራቱን ታውቅ ነበር።

«እኔ ጣትህን ነው እንዴ ያገባሁት?» አለችው። «ሂድና ንገራቸው።»

ቅዳሜ ዕለት ሂርጳ ተማሪዎቹን አሰለፈና እፊታቸው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። ካልሲውን አወለቀ። ካምቢዮው እንዴት እንደወደቀ፣ ለምን እንደዋሻቸው፣ ያቺ ቆም ሸርተት ከየት እንደመጣች፣ እየተንተባተበ ሁሉንም ነገራቸው። ይቅርታም ጠየቀ። መጀመሪያ የተናገረችው ሀፊዛ ነበረች።

«ማስተር፣ እኛ እኮ ምስጢሩ እሱ መስሎን ነበር።»

ለካ ሱቋ ውስጥ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ያቺን ቆም ሸርተት ስትለማመድ ስድስት ወር ፈጅቶባታል። ማስተር የማይናገረው ብልሃት አለ እያለችም ለሌሎቹ አስተምራለች። ይህን ስትናገር አንዱ ፈንድቶ ሳቀ፤ ሁሉም ተከተሉት። ሂርጳም አብሮ ሳቀ። እግሩን ይህን ያህል ልብ ብሎ ያየለት ሰው እንዳለ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ «እዩኝ» ማለት አልቻለም፤ መናገር ነበረበት። መጀመሪያ ቃሉ አልታዘዝ አለው። ኋላ ከሚያውቀው ሥራ ጀመረ። ማርሽ ሲቀየር መሐል ላይ ፎሌ፣ ማለትም ማርሹ ከምንም ያልተያያዘባት ቦታ፣ እንዳለ ሁሉ፣ ከአቋቋም ወደ አቋቋም ሲታለፍም እግሮች ከዳሌ ሥር የሚገናኙባት አንዲት አፍታ አለች፤ እሷን የዘለለ ሰው ማርሹን ያንጓጓል አላቸው። ከሚንቀሳቀሰው እግር ሥር ጋዜጣ አነጠፈላቸው። ጋዜጣው ከተቀደደ እግሩ ከብዷል፤ ወደ ኋላ ከቀረ ደግሞ መሬቱን ለቋል። እሱ ራሱ ሲሚንቶው ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ጉንጩን መሬት አስነክቶ፣ የአሥራ አራት ሰው ተረከዝ ይጠብቃል። ከሁሉም ይልቅ ያስቸገረው የሀፊዛ እግር ነበር። በስድስት ወር የለመደችው በሦስት ወር አልለቅ ብሏት አንድ ማለዳ ተበሳጭታ ቁጭ አለች። ሂርጳ ግራ እግሯን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ መኪና መሪ ቀስ አድርጎ አዞረላት። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። እሷም ዓይኗን ጨፍና እግሯን አዳመጠች።

ጥር ላይ የማነ ተመለሰ። ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ አለፉ፤ ሦስቱ ጉልበታቸው ገና ነው ተባሉ። ሀፊዛ ያንን ዙር ራሷ ሳይነቃነቅ አለፈችው። ጥቁሩን ቀበቶ ወገቧ ላይ ሲያስርላት ሂርጳ ቋጠሮውን ሁለቴ ፈትቶ አሰረው።

ሁሉም እቃውን ሲሰበስብ የማነ ጫማውን ከማጥለቁ በፊት፣ «እስቲ አንተም ሥራው» አለው።

ሂርጳ ካልሲውን ከጣለ ወዲህ ካታ በሰው ፊት ሠርቶ አያውቅም። ተማሪዎቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉለት። በባዶ እግሩ መሐል ቆመና እጅ ነሣ። ግራው ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ በተረከዙ ዞረ፤ ቀጠለ። እስከ መጨረሻው ሠራው። ሀፊዛ ከአፏ እጇን ያነሣችው ሲጨርስ ነው።

የማነ ስለ እግሩ አላነሣም።

«ቡጢ ስትሰነዝር ቀኝ ትከሻህ ይቀድማል» አለው።

«እሺ» አለ ሂርጳ፣ ወደ መነሻው ተመልሶም እንደገና ጀመረ።