ፎቶው ሲተልቅ

እሑድ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አዲስ ቴሌቪዥን ገዝቶ ነበር። በስደት በምንኖርባት ቮስሎሩስ፣ ስፓዛ ከሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቃችን ጀርባ፣ በምንተኛባት ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀልነው።

በሴኮንድ ስድሳ ምስል ከሚያሳየውና ሠላሳ ከሚያሳየው ቪዲዮ የትኛው የትኛው እንደሆነ ዓይኔ ይለያል አልኩት። አላመነኝም። የኳስ ጨዋታ ከፈተ።

«እስቲ ዙር።»

ዞርኩ። ሪሞቱን ሲነካ ሰማሁ።

«አሁን እይ። ይሄ ስንት ነው?»

«ስድሳ።»

እንደገና አዞረኝ። «ይሄስ?»

«ሠላሳ። ኳሷ እየተቆራረጠች ነው።»

«አንድ ናቸው እኮ! ምንም አልቀየርኩም!» አልጋው ላይ ወድቆ ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ ጥራት ያለው ዓይንህ ሳይሆን አፍህ ነው።»

«ጋሼ፣ ይሄማ ማጭበርበር ነው!»

ደንበኛ በመስኮቱ ፍርግርግ «ሳውቦና!» ብሎ በአገሬው ሰላምታ ተጣራ። ወንድሜ እየሳቀ ሊሸጥ ወጣ።

ሰኞ ዕቃ ሊያመጣ ሄደ። የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። በሌላ መንገድ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሞተ።

ማክሰኞ ጠዋት እዚህ ያለው ያገራችን ልጆች ማኅበር ሽማግሌዎች መጡ። አስከሬኑ አገር ቤት ሲገባ እናታችን በለቅሶው የምትይዘው ትልቅ ፎቶ አሠራ አሉኝ። ጥሩ ጥሩው ፎቶ የነበረበት ስልኩ በአደጋው ደቅቋል። የቀረው እናታችን ስልክ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ገና አልተረዳችም። ሽማግሌ ሄዶ በወጉ ሳያረዳት፣ እንዴት ደውዬ «ፎቶውን ላኪልኝ» እላለሁ? እኔ ጋ ያለው በዋትስአፕ የመጣ ትንሽ ፎቶ ብቻ ነው።

ሂልብሮው ሰፈር ካለ ማተሚያ ቤት ወሰድኩት። የሚሠራው ያገራችን ሰው ነው። ሲያተልቀው የወንድሜ ፊት ደበዘዘ።

«አይዞህ፣ የሚያጠራ ፕሮግራም አለኝ» አለኝ።

አጠራው። ፀጉሩ አንድ በአንድ ታየ። ግን ከቅንድቡ በላይ ያለችው ጠባሳ የለችም። ቆዳውም እንደ ማስታወቂያ ሰው ለስልሷል።

«እሱ አይደለም» አልኩ።

«ወንድሜ፣ ከሩቅ ማን ይለየዋል?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እናቴ ከሩቅ አታየውም። ፊቷ ላይ ለጥፋ ነው የምታለቅሰው።»

የመጀመሪያውን መለሰልኝ። በደበዘዘው ላይ ጠባሳዋ ጥላ ትመስላለች፣ ግን አለች። እሱን አትምልኝ አልኩት። ቀለሙ እስኪደርቅ ፊት ለፊቱ ቆሜ ጠበቅሁ።