ከግማሽ ዓመት ዕረፍት ያልተመለሰችው

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችንን ዕቃ ክፍል ስናጸዳ ከአንድ አሮጌ ካርቶን ውስጥ ያልተነካ የካርቦን ወረቀት ወጣ። እሽጉን ስከፍተው ያ የሰምና የቀለም ሽታው መጣብኝ፤ ጣቶቼም ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ። የሥራ ባልደረባዬ "ምነው ዝም አልሽ?" አለችኝ። ለእሷ የተቀባውን ጣቴን ብቻ አሳየኋት። ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ሆሳዕና ውስጥ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ክልላችን ገና ደቡብ በሚባልበት ጊዜ። በአንድ ዴስክ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሆነን ነበር የምንቀመጠው። የክፍል ኃላፊያችን የሒሳብ አስተማሪያችን ነበር፤ የዱራሜ ሰው፣ ረጅም፣ ከኮቱ እጅጌ ላይ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋ። የእጅ ጽሑፌ ደህና ስለነበር ሮስተር የሚያስሞላው እኔን ነበር። ልጆቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ፣ የከሰዓቱ ፀሐይ በተሰበረው መስኮት ሲገባ፣ ለትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚላከውን ቅጽ ካርቦን አስገብቼ እሞላለሁ። ወንድ፣ ሴት። ከከተማ፣ ከገጠር። ያለፈ፣ የወደቀ፣ ያቋረጠ።

ጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ከፎንቆ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች ነበረች። ከአክስቷ ልጅ ጋር ገበያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር፤ እሑድ እሑድ ከቤታቸው የሳምንት ቆጮ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው በእግር ይመጣሉ። ሰኞ ጠዋት ደብተሯ ሳይቀር ቆጮ ቆጮ ይሸታል። የከተማ ልጆች አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። ቤቴ በየቀኑ ቆጮ የምበላው እኔም አብሬያቸው ይዣለሁ።

የታች ክፍሎችን በሃዲይኛ ነበር የተማረችው። ሰባተኛ ላይ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሲሆንባት፣ አስተማሪ ሲጠይቃት ብድግ ብላ ዴስኩን ታያለች እንጂ አትናገርም። ፈተና ሲደርስ ግን ደብተሯን እንዳለ በቃሏ ይዛው ትመጣለች። ሒሳብማ መምህሩ ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ መልሱ እሷ ዘንድ ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር አማካይ ያሰላሁት እኔ ነኝ፤ ከሴቶች አንደኛ እሷ፣ ሁለተኛ እኔ። ስህተት ባገኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ደመርኩ። አላገኘሁም።

ከግማሽ ዓመት ዕረፍት ስንመለስ እሷ አልመጣችም። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለተኛው ተጀመረ። የአክስቷን ልጅ ስጠይቀው "እናቷ ወልዳ ታማለች" አለኝ። ርእሰ መምህሩ ቅጹን እየጠየቀ ነበር። መምህራችን "ትንሽ እንጠብቃት" አለኝና ቅዳሜ አባቴን አስፈቅዶ ይዞኝ ሄደ፤ እሱ ሃዲይኛ ብዙም ስለማይችል አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ።

ከመኪና ወርደን በእንሰቱ መሀል ስንሄድ ዝናብ አባርቶ ስለነበር መሬቱ ይተናል። ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘናት፤ ሕፃኑን አዝላ፣ እጇ እስከ ክርኗ ርሶ። ሌሎች ሁለት ትንንሾች ቀሚሷን ይዘዋል። እናቲቱ ከውስጥ ታቃስታለች። አባቷ በርጩማ አውጥቶ አስቀመጠን።

መምህሩ ትምህርቷ እንዴት ጥሩ እንደሆነ፣ ብትቀጥል የት ልትደርስ እንደምትችል ተናገረ። አንድ በአንድ ተረጎምኩ። አባቷ እስኪጨርስ ጠብቆ መለሰ፤ እኔም ወደ አማርኛ አመጣሁት።

"መምህር፣ ትምህርት ጠልቼ እንዳይመስልህ። እናቷ መነሣት አልቻለችም። እኔ ማሳ ስወርድ እነዚህን ማን ይያዝልኝ? አንተ ንገረኝ፣ ያልከኝን አደርጋለሁ።"

ጥቁር ሰሌዳ ላይ መልስ የማያጣው ሰውዬ የእጅጌውን ጠመኔ አራገፈ። ከዚያ "ቢያንስ መጥተው የመልቀቂያ ቅጽ ይፈርሙ፤ በመስከረም እንድትመለስ" አለ። አባቷ "ጌታ ቢፈቅድ እመጣለሁ" አለ።

እኔና እሷ ወደ ጓሮ ሄድን። "ሒሳብ የት ደረሳችሁ?" አለችኝ በሃዲይኛ። በእንጨት መሬቱ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩላት፤ በሌለችበት የተማርነውን። ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ እያወዛወዘች አጎንብሳ አየችው። ከዚያ እንጨቱን ተቀብላኝ ሠራችው። እኔ ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ ነበር። ሕፃኑ ማልቀስ ሲጀምር ትታኝ ገባች።

አባቷ አልመጣም። እናቲቱ ብሶባት እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። መምህሩ ቅጹን እስከቻለው ድረስ አዘገየ፤ አንድ ቀን ግን ርእሰ መምህሩ ራሱ ክፍላችን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ከሰዓት በኋላ መምህሩ እስክሪብቶውን ሰጠኝና "ጻፊው በቃ" ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሮስተሩ ላይ ስሟ ፊት "አቋርጣለች" ብዬ ጻፍኩ። ሴት፣ ከገጠር፣ ያቋረጠ በሚለው ሳጥን ቁጥሩን በአንድ ከፍ አደረግሁት።

በሰኔ ከሴቶች አንደኛ ወጣሁ። ሰልፍ ላይ ተጨበጨበልኝ፣ ደብተር ተሸለምኩ፤ አባቴ ያየውን ሰው ሁሉ እያስቆመ ነገረ። እኔ ደስ ያለኝ ለመምሰል ፊቴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

መስከረም ላይ ለስምንተኛ ልመዘገብ ተሰልፌ ሳለ እሷ ከአባቷ ጋር በበሩ ገባች። እናቷ ተሽሏት ነበር። አዲስ ሸራ ጫማ አድርጋለች። ልጠራት ስል መዝጋቢው መስኮት ጋ ደረሱ። መዝጋቢው የአምናውን ሮስተር ገለጠ፣ በጣቱ ወረደ፣ ቆመ።

"መልቀቂያ ሳትሞላ ነው ያቋረጠችው። ሰባተኛ ደግሞ ሞልቷል። እኔ ምን ላድርግ፣ መመሪያ ነው። ለከርሞ ሞክሩ።"

ሊናገርላት ይችል የነበረው መምህራችን በክረምቱ ወደ ዱራሜ ተዛውሮ ሄዷል። ስሟ ፊት የጻፍኩት እኔ ነኝ ብል፣ ቤቷ ድረስ ሄደን ያየነውን ብናገር ምን ይሆን ነበር? ዛሬም አላውቅም። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ካርዴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እሷም ዞር ብላ አየችኝ፤ ፈገግ ልትል ፈለገችና ተወችው።

አባቷ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ለመዝጋቢው እጅ ነሣ። በተሰባበረ አማርኛ "እግዜር ይስጥልን ጌታዬ፣ ብዙ ሳታቆሙን ነገራችሁን። መንገዳችን ሩቅ ነው" አለና ልጁን ከፊት አስቀድሞ ወጣ።