ሦስት ሚስኮል

እናቴ ስልክ ደውላ አታወራም፤ ሚስኮል ታደርጋለች። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተቋረጠ «ደህና ነኝ፣ እንዴት አደርሽ» ማለት ነው፤ መልስ አያስፈልገውም። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከጠራ «ደውይልኝ» ነው። ሦስት ከሆነ ደግሞ «ያለሽበትን ትተሽ ነይ» ነው። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት። መምህር ሆኜ ንፋስ መውጫ ከተመደብሁ ጀምሮ ሦስቱ የደረሰኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፦ አባቴ ሲሞትና ወንድሜ ከበቅሎ ወድቆ እግሩ ሲሰበር። ሁለቱንም ጊዜ ጠመኔዬን ጥዬ ሄጃለሁ።

የምትኖረው ከአርብ ገበያ ወዲያ፣ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ አላት። ባትሪው ሲያልቅ ገበያ የሚወጣ ሰው ወስዶ አስሞልቶ እስኪመልስላት ድረስ የንስሐ አባቷን ስልክ ትዋሳለች። አባ አጥር የሚጋሯት ጎረቤቷ ናቸው። ስለዚህ ከእናቴ ሚስኮሎች ግማሾቹ የሚመጡት ከአባ ስልክ ነበር።

እኔ ደግሞ ስልክ ቀየርሁ።

የቀድሞው በመጀመሪያው ዓመት ደመወዜ የገዛሁት አንድሮይድ ነው። መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ግን ሁለት ሲም ይይዛል፣ ያለ ኢንተርኔት ሬዲዮ ይከፍታል፣ ሚሞሪ ካርድ ይቀበላል፣ ቻርጀሩም በየሱቁ አለ። አንዲት ባልደረባዬ አይፎኗን ልትሸጥ መሆኑን ስሰማ ልቤ ሸፈተ። ለካሜራው ብዬ ነው የገዛሁት እያልሁ ለሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ፤ ውሸቴን ነው። የገዛሁት መምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው እንዲታይልኝ ነው። ሁልጊዜም ፊቱን ወደ ታች ደፍቼ ነበር የማስቀምጠው፤ ጀርባው ላይ ያለችው ፖም እንድትታይ።

የመጀመሪያውን ሳምንት በንዴት ጨረስሁት። ወደ ኋላ ልመለስ ስል ጣቴ ከታች የለመደውን ምልክት ይፈልጋል፤ የለም። ሬዲዮ የለውም። ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። የፈተና ጥያቄ በብሉቱዝ ልላክ ብዬ ከሒሳብ መምህሩ ስልክ ጎን ባስቀምጠው፣ ሁለቱ ስልኮች እንደ ተኳረፉ ጎረቤታሞች ዝም ተባባሉ። ሁለተኛዋ ሲሜ ቦታ አጥታ መሳቢያ ውስጥ ቀረች። ቻርጀሬን ቤት ረስቼ ከወጣሁም ትምህርት ቤቱን ሙሉ ብዞር የሚያውሰኝ አላገኝም።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለኝ የሒሳብ መምህሩ።

ፎቶ አነሳሁትና አሳየሁት። ትንሽ አየና ላኪልኝ የሚል ፊት አሳየኝ። ፎቶውስ እውነትም ያምር ነበር።

ከስልኩ ጋር ያስታረቀኝ ግን ካሜራው አይደለም። እኔ ስልክ ላይ ቁጡ ነኝ። የማላውቀው ሰው ደውሎ «ማን ልበል?» ሲለኝ «የደወልኸው አንተ፣ የምትጠይቀው አንተ» ብዬ የምዘጋ ሰው ነኝ። ሎተሪ ደርሶሻል የሚሉ አሉ፣ በስሕተት ደውለው ድምፅሽ አማረኝ እያሉ ሳምንት ሙሉ የሚያሰለቹም አሉ። ስልኩን የሸጠችልኝ ባልደረባዬ ስለዚህ ሳማርር ሰምታ አንድ ነገር አሳየችኝ። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ሲደውል ስልኩ እንዳይጮህም እንዳይንቀጠቀጥም ማድረግ ይቻላል፤ ጥሪው ድምፁን ሳያሰማ ዝርዝር ውስጥ ብቻ ይገባል። እዚያው ቆማ እያለች ከፈትሁት። ለካ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ሰላም ነበር አልሁ።

ስሞቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ያሻገርሁት ራሴ ነኝ። ተግተልትለው ሲገቡ አየሁና ሁሉም የመጡ መሰለኝ። የመጡት ግን ኢሜይሌ ላይ የተቀመጡት ብቻ ነበሩ። ድሮ ሲሟ ላይ የመዘገብኋቸው፣ ሲሟ አዲሱ ስልክ ውስጥ ገብታም እንኳ፣ እኔ ካላዘዝሁ በቀር አይነበቡም። እናቴ መጥታለች። አባ አልመጡም። እኔ ይህን አላወቅሁም።

በዚያው ሰሞን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚያወጡ የዓይን ሐኪሞች ለጥቂት ቀናት ወደ ከተማችን መጡ። የእናቴን ዓይን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ግራው ጨርሶ ጠፍቷል፤ በቀኙ ጥላ ብቻ ታያለች። ምስር ስትለቅም ጠጠሩን አስቀርታ ምስሩን ትጥላለች። ክረምት ላይ የገዛ ደጃፏን ድንጋይ ስታ ወድቃለች። ባለፈው ፋሲካ ስሄድ ጉንጬን ይዛ «ከሳሽ ወይስ ወፈርሽ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ከክንድ ርቀት ላይ ቁጭ ብላ። አስመዘገብኋት። ተራዋ የመጨረሻው ቀን ላይ ወደቀ። መዝጋቢው እስከ አራት ሰዓት ካልደረሰች ስሟ እንደሚታለፍ ነገረኝ።

ሄጄ ላመጣት ይገባኝ ነበር። ወንድሜ አጨዳ ላይ ነው፤ ርእሰ መምህሩ ደግሞ የፈቀደልኝ ግማሽ ቀን ብቻ ነው። እውነቱን ካወራን ግማሽ ቀን ብቻ ነው የጠየቅሁት። እናቴ ጠይቃቸው አባ ሊያመጧት ተስማሙ፤ ሆኖም በማግሥቱ የደብራቸው ንግሥ ስለሆነ ለዋዜማው መድረስ ነበረባቸው። እናቴን መናኸሪያ ላይ አስረክበውኝ በመጡበት መኪና ሊመለሱ ተነጋገርን።

«መናኸሪያ ስንደርስ ሦስት አደርጋለሁ» አለችኝ ከዋዜማው በፊት በነበረው ምሽት በራሷ ስልክ ስደውልላት።

«ከትምህርት ቤት በባጃጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ካለሽበት እንዳትነቃነቂ።»

«እንዳታቆይኝ ታዲያ።»

«እማ፣ መቼ አቆይቼሽ አውቃለሁ?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች።

በነጋታው ስልኩን የመጨረሻው ድምፅ ላይ አድርጌ ክፍል ገባሁና እንደ ልማዴ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ሰሌዳው ላይ የተክል ሥር እየሣልሁ ጆሮዬ ከኋላዬ ነበር። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አለቀ። ሁለተኛው ተጀመረ። ምንም የለም። አንድ ተማሪ እስክሪብቶ ቢጥል ደነገጥሁና ጮህሁበት፤ ልጁ እስክሪብቶውን ሳያነሳ ቁጭ ብሎ አየኝ። መኪና አጥተው ይሆናል አልሁ። መንገድ ላይ ተበላሽቶባቸው ይሆናል አልሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አላስቻለኝምና ወደ እናቴ ደወልሁ። ስልኳ ዝግ ነው።

«አባ» ብዬ ፈለግሁ። የለም። «ቄስ» ብዬ ፈለግሁ፤ የቄስ ልጅ የሆነ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ስም መጣልኝ። «ንስሐ አባት» አልሁ። ባዶ። ተማሪዎቹ ሥር መሣላቸውን ትተው እኔን ማየት ጀምረዋል። መዳፌ ላብ ስላወጣ መስታወቱ ጣቴን አልሰማ አለ። ቀሚሴ ላይ ጠረግሁትና የጥሪዎቹን ዝርዝር ከፈትሁ። ከላይ፣ በቀይ፣ ስም የሌለው አንድ ቁጥር ነበረ። ከጎኑ በቅንፍ ውስጥ ዘጠኝ ይላል።

ዘርዝሬ አየሁት። ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ሦስት ጊዜ። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ሦስት ጊዜ። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ እንደገና ሦስት ጊዜ።

ደወልሁ። አባ ወዲያው አነሱት፤ የመኪና ሞተር ይሰማኛል።

«አባ፣ የት ናችሁ?»

«እኔማ ልጄ ወደ አርብ ገበያ እየተመለስሁ ነው። መኪናው ሊነሳ ሲል እሷው ‹ይሂዱ፣ ዋዜማው እንዳይቀርብዎ፣ ትመጣለች› አለችኝ። ደህና ነሽ ወይ?»

«ደህና ነኝ። እማ የት ናት?»

«መናኸሪያው በር፣ ከቆሎ ሻጯ ጎን። ምነው ልጄ፣ ዘጠኝ ጊዜ ስንደውል? እናትሽ እኮ ክፉ ነገር አግኝቶሽ መስሏት…»

ቀሪውን አልሰማሁም፤ መስመሩ ተቋረጠ። ለተማሪዎቹ ምን እንዳልኋቸው አላስታውስም። ባጃጁ ሌላ ሰው ሊጭን ሲቆም ሾፌሩን ሰደብሁት፤ በዕድሜ አባቴ የሚሆን ሰው ነው። መናኸሪያው በር ቆሎ ሻጯ አለች። ከጎኗ ያለው ድንጋይ ግን ባዶ ነው።

«ዓይናቸውን የሚያማቸው፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ አሮጊት አላየሽም?»

«አየሁ እንጂ። ከስማዳ የመጡ የዓይን ሕመምተኞች ባንድ ዘንግ ተያይዘው ሲያልፉ እሳቸውንም ይዘዋቸው ሄዱ።» ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ልጃቸው ነሽ? ሲያለቅሱ ነበር። ልጄ ምን ሆና ነው እያሉ።»

ሐኪም ቤቱ ግቢ ስደርስ አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። እናቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ከስማዳዎቹ ጋር ተደርድራ ተቀምጣለች፤ ከቀኝ ዓይኗ በላይ፣ ግንባሯ ላይ፣ የሚሠራላት ዓይን ምልክት የሆነው ፕላስተር ተለጥፏል። በሰዓቱ ተቀብለዋታል ማለት ነው። አጠገቧ ተቀመጥሁ።

«እማ።»

እጇ መጣና ፊቴን ዳሰሰኝ። ከዚያ አንገቴን፣ ትከሻዬን፣ ክንዶቼን አንድ በአንድ እስከ ጣቶቼ ድረስ፣ እንደ ገበያ በግ።

«ምንሽን ነው?»

«ምንም አልሆንሁም።»

«ሦስት አድርጌ አልመጣሽም። ምንሽን ነው የምትደብቂኝ?»

ነርሱ ስሟን ጠርቶ ክንዷ ላይ የደም ግፊት መለኪያውን ጠመጠመ። ለካ፣ ነፋው፣ ደግሞ ለካ። ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ግፊቷ በጣም ከፍ ብሏል፤ በዚህ ግፊት የዓይን ቀዶ ሕክምና አይደረግም። ኪኒን ሰጥቷት ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደሚለካት ነገረኝ።

«አረጋጊያቸው» አለኝ። «ስድስት ሰዓት ላይ እንጨርሳለን።»

ማረጋጋት እኔ ነኝ የምችለው? ምንም አልሆንሁም ባልሁ ቁጥር እጄን ይበልጥ አጥብቃ ትይዛለች። ታምሜ የደበቅኋት መስሏታል። ከሥራ ተባርሬ፣ ወይ ታስሬ፣ ብቻ አንድ ነገር ሆኜ። ለእናቴ ሦስት ሚስኮል ተደርጎ ልጅ የማይመጣው በዚህ ብቻ ነው። ከዚህ ፍርሃት የሚያወጣት እውነቱ ብቻ መሆኑ ገባኝ፤ እውነቱ ደግሞ ከውሸት ሁሉ ያሳፍራል። ነገርኋት። አዲስ ስልክ መግዛቴን፣ የአባ ስም ሳይሻገር መቅረቱን፣ የማላውቀው ሰው ሲደውል እንዳይጮህ ማድረጌን።

እጄን ለቀቀችው።

«አባን ነው የማላውቃቸው ያልሽው?»

«ስማቸው አልገባም ነበር እማ።»

«ያጠመቁሽን አባ?»

ከወንበሩ ጫፍ ያሉት የስማዳ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እናቴ እጇን ዘረጋችና ስልኩን ስጪኝ አለች። ሰጠኋት። በአውራ ጣቷ መስታወቱን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ዳሰሰችው። በእሷ ስልክ ላይ መካከለኛዋ ቁልፍ ትንሽ ጉብታ አላት፤ ከዚያ ተነስታ ቆጥራ ነው የኔን ቁጥር የምትደውለው።

«ቁልፉ የታል?»

«የለውም።»

«እንግዲህ ይህን እኔ ብይዘው በምን አገኝሻለሁ?»

አለቀስሁ። እሷ አላለቀሰችም፤ ስልኩን መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

አምስት ሰዓት ላይ ሲለካት ግፊቷ ትንሽ ወርዷል፤ ግን አይበቃም። የስማዳ ሰዎች አንድ በአንድ እየተጠሩ ገቡ፤ ወንበሩ ባዶ እየሆነ መጣ። እኔ በሩን አያለሁ፤ እናቴ የእያንዳንዱን እግር እየሰማች ትቆጥራለች። አምስት ተኩል ላይ ያው ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ነርሱ ለመጨረሻ ጊዜ ለካት። ውስጥ ዕቃ ሲሰበሰብ ይሰማል፤ ሣጥኖች ይዘጋሉ። ዋናውን ሐኪም አስጠርቼ ለመንሁ፤ ቁጣ ቀላቅዬም ለመንሁ። ቁጥሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ በዚህ ግፊት ቢነካት ያለችውንም ጥላ ልታጣ እንደምትችል ነገረኝና ገባ።

ነርሱ ፕላስተሩን ከግንባሯ ላይ ቀስ ብሎ ላጠው።

«ግፊቱ የቆየ ሊሆን ይችላል» አለኝ። «የዛሬ ላይሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ይከታተሉ።»

ይህን ያለኝ አዝኖልኝ ይሁን እውነት ሆኖ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

«መቼ ትመለሳላችሁ ልጄ?» አለችው እናቴ።

«ቀኑ አይታወቅም እናቴ። ስንመጣ ለልጅዎ እንደውላለን።» ስልክ ቁጥሬን ወረቀት ላይ ጻፈ።

ወደ ቤቴ ስንሄድ ክንዴን ይዛ ነበር። ድንጋይ ሲመጣ እነግራታለሁ፤ እግሯን ታነሳለች። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች።

«አንቺ ደህና ነሽ አይደል?»

«ደህና ነኝ።»

«በቃ እኔ የምፈልገው እሱን ነው» አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የማላውቀውን ጥሪ ዝም የሚያሰኘውን ነገር አጠፋሁት። ሲሟ ላይ የቀሩትን ስሞች ለማምጣት አንድ መንካት ብቻ ነበር የሚበቃው፤ አባን ጨምሮ ሁሉም መጡ። ወደ አሮጌው ስልክ አልተመለስሁም። ሰው ይህን ሲሰማ ጥፋቱን ስልኩ ላይ ይጭናል፤ ስልኩ ግን ያዘዝሁትን ነው ያደረገው። እናቴ አሁን የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ጤና ጣቢያው በመጨረሻ ሲለካት ወርዷል ብሏታል። የሐኪሞቹ ጥሪ የሚመጣው ከማላውቀው ቁጥር ስለሆነ የሚደውልልኝን ሁሉ አነሳለሁ። ክፍል ውስጥም አነሳለሁ፤ ተማሪዎቹ ለምደውታል።

በሳምንት አንድ ቀን እናቴ ጋ ደውዬ እናወራለን። ስለ ገብሱ፣ ስለ ወንድሜ ልጆች፣ ስለ አባ ጉልበት ሕመም ታወራኛለች። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀኛለች።

«ደወሉ?»

«ገና ናቸው እማ።»

«ስልኩን ግን ከፍተሽዋል?»

«ከፍቼዋለሁ» እላታለሁ።