ባለሦስት ቀለሟ የእህቴ ጣውንት

የእህቴ ባል ቀለም ቀማሚ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ የቀለም መደብር ጓሮ፣ በጣሳና በባልዲ መሃል ቆሞ ቀለም ሲቀላቅል ኖሯል። ሰዎች ከግድግዳቸው የተላጠ ቅርፊት በወረቀት ጠቅልለው ይመጣሉ። እሱ ቅርፊቱን ይዞ በር ላይ ይወጣል፤ አምፖል ሥር ቀለም አያይም። ያገላብጠዋል፣ እንዲያውም ያሸተዋል። ከዚያ ነጩን ባልዲ ከፍቶ ከጥቁሩ ይህን ያህል፣ ከቀዩ ያን ያህል እያለ ያንጠባጥባል፣ በእንጨት ያማስላል፣ በመጨረሻ ትንሽ ወስዶ የአውራ ጣቱን ጥፍር ይቀባና እስኪደርቅ ይጠብቃል። «እርጥብ ቀለም ውሸታም ነው» ይላል። ሲደርቅ ጥፍሩንና ቅርፊቱን ጎን ለጎን ቢያስተያዩአቸው ልዩነት አይገኝም። መደብሩ ማሽን ካስገባ በኋላ እንኳ ባለቤቱ አላሰናበተውም። ማሽኑ አዲስ ቀለም ያውቃል እንጂ ዝናብና ጭስ የበላውን ያረጀ ግድግዳ አያውቅም።

ሁሉም ጋሽ ጠብታ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ የሚያስታውሰው ግን ከእህቴ በቀር ማንም የለም። ነጭ ሲቀምም በየባልዲው አንድ ጠብታ ሰማያዊ ይጨምርበታል። ነጩን የሚያነጣው ያቺ ጠብታ ናት፣ ያለሷ ነጭ ቶሎ ወደ ቢጫ ይሄዳል ባይ ነው። «አንድ ጠብታ! ሁለት ካደረግካትማ ሰማይ ሆነች» እያለ ሲያስተምር ስሙ ሆኖ ቀረ።

እንዲህ ያለ ሰው ያገባች ሴት ስለ ቀለም አፍ የላትም። እህቴ፣ እቴቴ ነው የምላት፣ መጋረጃ ገዝታ ስትገባ «ሰማያዊ ነው» ካለች፣ «ሰማያዊ አይደለም፣ ወደ አረንጓዴ የሄደ ነው» ይላታል። ክር ብትገዛ ያርማታል። የልጇን ካልሲ ስታጣምር ያርማታል። ከጊዜ ብዛት ቀለም መጥራቱን ተወችውና «ያኛው ልብስ»፣ «ይሄኛው ሰሃን» ማለት ጀመረች። እኔንም አልማረኝም። አንድ ቀን ቀይ ቀሚስ ለብሼ ብሄድ «ይሄ ቀይ ጡብ የገባበት ነው» አለኝ። ቀሚሱን ዳግመኛ አልለበስኩትም፤ እሱንም ለብዙ ጊዜ ይቅር አላልኩትም። እውነቱን ለመናገር ጡብ ገብቶበት ነበር።

ቤታቸው ያለችውን ተክል ያመጣችው ልጃቸው ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፣ አሁንም ሚጣ እንላታለን። በመጀመሪያ ደመወዟ አንዲት ትንሽ ማሰሮ አቅፋ መጣች፦ ከሩቅ ሞቃት አገር የተገኘች ተክል፣ ቅጠሏ መሃሉ አረንጓዴ፣ ዳርና ዳሩ ወተት የመሰለ ነጭ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ሮዝ ቀለም እንደ መስመር የሄደበት። «አባዬ፣ አንተ የማትቀምመውን ቀለም አመጣሁልህ» አለችው። በወሩ ሥራዋ ወደ ሌላ ከተማ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ልጁ ስትናፍቀው የሚያገላብጠው የተክሏን ቅጠል ነው።

እንክብካቤውስ! ውሃዋ አድሮ ይሰጣታል እንጂ ከቧንቧ ቀጥታ አይሆንም። ጣቱን እስከ አንጓው አፈሩ ውስጥ ሰዶ ደርቆ ካላገኘው አያጠጣትም። ፀሐይ ነጩን እንዳያቃጥልባት ስስ መጋረጃ ሰቅሎላታል። እሁድ እሁድ ቅጠሎቿን አንድ በአንድ በእርጥብ ጥጥ ይጠርጋል። እቴቴ «ጣውንቴ» የሚል ስም አወጣችላት። «ጣውንቴ ቁርሷን በላች? እኔን እንዲህ በጥጥ ጠርገኸኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች። እሱ ይስቃል፣ መጥረጉን ግን አያቆምም።

አንድ ሕግ ነበረው። ሙሉ አረንጓዴ የሆነ ቅርንጫፍ ካበቀለች ወዲያው ይቆርጠዋል። «አረንጓዴው ጉልበተኛ ነው። ዝም ካሉት ሌላውን ሁሉ ውጦ ብቻውን ይቀራል፤ አንዴ ከነገሠ ደግሞ ነጩ አይመለስም» ይላል። ጭራሽ ነጭ የሆነም አይበጅም፤ ምግቧን የምትሠራው በአረንጓዴው ነውና። ሦስቱ አብረው ሲኖሩ ነው የምታምረውም የምትኖረውም።

ባለፈው ዓመት ሚጣ ደወለች። የራሷን ቤት ተከራይታለች፣ ሰፊ መስኮት አለው። ከሦስት ወር በኋላ ፈቃድ ወጥታ ትመጣለች። «ምንም እንዳታዘጋጁልኝ። ከእሷ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ። ሦስቱም ቀለም ያላት፣ ሥር የሰደደች» አለች። ጋሽ ጠብታ ስልኩን ከዘጋ በኋላ መስኮቱ ጋ ሄዶ ብዙ ቆመ። ልጁ ከእጁ አንድ ነገር ከጠየቀች ዓመታት አልፈዋል።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ተክሏ ታመመች፤ ታመመች ያለው እሱ ነው። ነጩ ዳር ቢጫ ሆኗል፣ ሮዙም ወይቧል አለ። አፈር ቀየረ፣ ውሃ ቀነሰ፣ ማሰሮዋን ከመስኮት መስኮት አዞረ። አልሻል ሲላት መቀሱን በአልኮል ጠርጎ ቢጫ ያላቸውን ቅርንጫፎች ይቆርጥ ጀመር።

እቴቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሠላሳ ዓመት አንድ ጊዜ፣ ደፈረች።

«ለእኔ ነጭ ይመስለኛል» አለች።

«ነጭ? አንቺ ነጭና ክሬም መቼ ለይተሽ ታውቂያለሽ? ይሄ ቢጫ ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ኧረ አትማል» አለች። የተቆረጠውን በጋዜጣ ጠቅልሎ «ጣይው፣ በሽታው ወደ ጤነኛው እንዳይጋባ» ብሎ ሰጣት። መጣል አልሆነላትም። የምኖረው ከእነሱ አንድ ፎቅ ዝቅ ብዬ ነው፤ ይዛልኝ ወረደች።

እኔ ተክል አልወድም። ጠብታ የጣለውን ማንሳት ግን እወዳለሁ። ከአንጓው ዝቅ አድርጌ ጫፉን ቆረጥኩና በባዶ የማርማላታ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ነክሬ የማድቤት መስኮት ላይ አቆምኩት። በሳምንቱ ሌላ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ውሃውን በሦስት ቀን አንዴ እቀይራለሁ። በሁለት ሳምንት ከአንጓው ነጭ ሥር እንደ ክር ወጣ። ስለ ተክሏ በጭንቀት ሲናገር በሰማሁት ቁጥር በልቤ «ቆይ ብቻ» እላለሁ። አንድ ቀን ጠርሙሶቹን ፊቱ ደርድሬ ቀሚሴን ላስታውሰው ነበር ሐሳቤ። ምላሴ ብቻ ሳይሆን ልቤም ክፉ ነበር።

ለሚጣ ደግሞ «ጤነኛውን» መርጦ ብርጭቆ ውስጥ ነከረላት። አረንጓዴ፣ ድፍን አረንጓዴ። እቴቴ አየችው፣ እኔም አየሁት። «በሽታው ሲለቃት ነጩ ይመለሳል» አለን። የራሱን ሕግ የረሳ መሰለኝ፤ ለካ ሌላ መድረሻ አጥቶ ነው።

መደብሩም ደህና አልነበረም። አንድ ደንበኛ ኮርኒሱን አስቀብቶ ሲያበቃ እየጮኸ መጣ፦ ነጭ ያዘዝኩት ሰማያዊ ሆነብኝ ብሎ። ጋሽ ጠብታ «አምፖልህን ቀይር» ብሎ መለሰው። ሠራተኞቹ ተያዩ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እሱ ከኋላው የሚባለውን አልሰማም። እኛ ሰማን፣ ሰምተንም ዝም አልን።

አሁን የምነግራችሁን ነገር የሚሠራ የእኛ ቤት ሰው ብቻ ነው። እቴቴ ዓይኔ ታመመ ብላ ሐኪም ቤት ካልሄድኩ አለች። የራሷ ዓይን! ነጩ ለእሷ ነጭ ሆኖ እየታያት፣ ባሏ ቢጫ ነው ካለ ዓይኗ ቢበላሽ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? እኔም፣ ይቺ ምላሳም፣ ዓይኔን ተጠራጥሬ «ተመርመሪ እስቲ፣ እኔም ሳልመረመር አልቀርም» አልኳት። ጋሽ ጠብታ ደስ አለው። ነገሩን ለሐኪሟ የሚያስረዳው እሱ ስለሆነ የመደብሩን ፈቃድ ጠይቆ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ አብሮን ሄደ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትዕግሥተኛ። የእቴቴን ዓይን በመብራት አየች፣ ፊደል አስነበበች፣ ቀለም አስጠራች።

«እናቴ፣ ዓይንዎ ደህና ነው። እንዲያውም ለዕድሜዎ በጣም ጥሩ ነው» አለቻት።

«እንዴት ደህና ይሆናል?» አለ ጋሽ ጠብታ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ቢጫውን እኮ ነጭ ነው ትለዋለች! እኔ ሥራዬ ቀለም ነው፣ ዶክተር። አሁን ለምሳሌ የእርስዎን ጋውን ይመልከቱ። ነጭ ነው ትላለች፤ ግን ወደ ቢጫ የሄደ ክሬም ነው፤ ትንሽም ቡኒ አለበት።»

ሐኪሟ ጋውኗን አየች። እቴቴም አየች። እኔም አየሁ። ጋውኑ ነጭ ነበር፤ እንደ ወረቀት ነጭ።

ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳ አልሳቅኩም። ሐኪሟ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባቴ፣ እስቲ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ» አለችው።

የዓይን ሞራ ነው። በሁለቱም፣ ከቆየ ሰነባብቷል። ሰው ቀስ በቀስ ሲመጣበት አያውቀውም አለች፤ ዓለም ሁሉ አብሮ ስለሚወይብ ማስተያያ አይኖረውም። ጋሽ ጠብታ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የአውራ ጣቱን ጥፍር ሲያይ ቆየ። ከዚያ «መደብር ውስጥ ያውቃሉ?» አለ፤ እኛን ይሁን ሐኪሟን ግልጽ አልነበረም። እቴቴ ክንዱን ያዘችው። በዚያች ደቂቃ ከልቤ አዘንኩለት፤ ሳላስበው።

ሚጣ ልትመጣ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ቀኝ ዓይኑ በቀዶ ሕክምና ተሠራ። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሳለት ከእቴቴ ጋር አብሬው ነበርኩ። መንገድ ላይ የአንድ አጥር በር ፊት ቆሞ «ይሄ ሰማያዊ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው?» አለ። ቤት ስንገባ ኮቱን ሳያወልቅ ቀጥታ መስኮቱ ጋ ሄደ።

ማሰሮው ውስጥ የቀረው ሁሉ አረንጓዴ ነበር። ብርጭቆው ውስጥ ያለውም አረንጓዴ ነበር። ነጭ የለም፣ ሮዝ የለም። አንድ እጁን በተሠራው ዓይኑ ላይ ጋረደ፣ ገለጠ፣ ደግሞ ጋረደ።

«በእጄ» አለ። «በገዛ እጄ ቆርጬ የጣልኩት ጤነኛውን ነው።» ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ልጄ አንድ ነገር ብትጠይቀኝ...»

አልጨረሰውም። እቴቴ ወደ እኔ አየች። ለወራት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ካልሲው ሁሉ። አንዱም አልመጣልኝም።

«ጋሼ፣ ተነስ» አልኩት። «እኔ ቤት እንውረድ።»

የማድቤቴ መስኮት ላይ ዘጠኝ ጠርሙስ ተደርድሯል። ጥዋት ስለነበር ብርሃኑ ከኋላቸው ይገባል። ቅጠሎቹ ዳራቸው ወተት የመሰለ፣ መስመራቸው ሮዝ፣ ሆዳቸው አረንጓዴ ነው፤ ሥሮቻቸው በውሃው ውስጥ ጣት አክለዋል። ጋሽ ጠብታ ደፉ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀረብ ብሎ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቱ ይዞ ብዙ አየው። ወደ እኔ አልዞረም፤ ወደ እቴቴ ዞረ።

«ይሄ ምን ቀለም ነው?» ብሎ ጠየቃት።

እህቴ እንደ ተማሪ ሆነች። እኔን አየችኝ፣ ቅጠሉን አየች።

«ነጭ» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ነጭ ነው» አለ።

በዚያው ሳምንት ያን ደንበኛ አፈላልጎ አገኘውና ኮርኒሱን ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ቀባለት። «አምፖልህ አይደለም፣ ዓይኔ ነው» አለው። ሐኪሟ መሰላል ከልክላው ነበር፤ ሰምቶ ቢሆን። የመደብሩ ባለቤትም ለሌላው ዓይን ሕክምና ፈቃድ ሰጠው፤ ሠራተኞቹ ዓይኑ መድከሙን ያውቁ እንደነበር ሲነግሩት አንድ ቀን ሙሉ አኩርፏቸው ታረቀ።

ሚጣ ቅዳሜ ገባች። እንደ ልጅነቷ በሩን ሳታንኳኳ፣ ቦርሳዋን ጥላ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ዘጠኙ ጠርሙሶች ወደ ላይ ወጥተው ጠረጴዛው ላይ ተሰልፈዋል። እሱ ጥሩ ነገር ሲገኝ እንደሚያደርገው ሊያስረዳ ነው ብዬ ጆሮዬን አዘጋጀሁ።

«አባዬ፣ ሁሉም ያምራሉ! የትኛዋን ልውሰድ? ሦስቱም ቀለም ጥርት ያለው የትኛዋ ላይ ነው?»

ጋሽ ጠብታ ጠርሙሶቹን አየ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው።

«እሱን እናትሽን ጠይቂ» አላት።

እቴቴ ማድቤት ነበረች። እጇን በመሐረብ እየጠረገች መጣችና ጠረጴዛው ፊት ቆመች። አልቸኮለችም። አንዷን አነሳች፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛት ሄደች፣ አገላበጠቻት። «ይቺን ውሰጂ፤ ነጯ ነጭ ነው» አለቻት።